የግራ ኪስ ቀይ ክር

ልጆቹ «እማማ ዚፕ» ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ እሷም ተቆጥታበት አታውቅም። የትምህርት ቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። የደንብ ልብስ ታሳጥራለች፣ የመድረኩን መጋረጃ ትጠግናለች፣ የኳስ ተጫዋቾቹን ቁምጣ ትሰፋለች፤ ከሁሉ በላይ ግን ዚፕ ትሠራለች። አንዱ ዚፑ ተነክሶበት እያለቀሰ ከመጣ ሻማ ታሽለትና አንዴ ሳብ፣ አንዴ ለቀቅ፣ በቃ። «ሂድ፣ አሁን ደግሞ አፍንጫህን ዚፕ አድርጋት» ትለዋለች። ንፍጡን ማለቷ ነው።

ክፍሏ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች የዕቃ ማስቀመጫ ናት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ወደ ግቢው የሚያይ አንድ መስኮት፣ ጣሪያ ሊነካ ምንም ያልቀረው የልብስ ክምር። ክምሩን ያየ ሁሉ አሮጌ ጨርቅ ይመስለዋል። ጨርቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ሁሉ አላወራም ነበር። ሠላሳ አንድ ልጅ የክረምቱን ትምህርት ሳያቋርጥ የሚጨርሰው ከዚያ ክምር በሚወጣ ካፖርት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። በዚያ ከተማ ክረምት ቀልድ አይደለም። ዝናቡ ከነበረዶው ይወርዳል፣ ጠዋት ጠዋት የክፍሉ መስታወት አመዳይ ይለብሳል፣ ልጆቹ እስክሪብቶ ለመያዝ መጀመሪያ ጣታቸውን እፍ እፍ ይላሉ። ካፖርት የሌለው ልጅ ምን ያደርጋል? ቤቱ ይቀራል። መዝገቡ ላይ «ታሟል» ተብሎ ይጻፋል። ምንም አልታመመም፤ በርዶት ነው።

በፊት በፊት፣ የተረፋቸው ቤተሰቦች ካፖርት ያመጣሉ፣ ትምህርት ቤቱም እንደመጣ ያድላል። ደግ ሥራ ነው፣ ማን ይጠላል? ጣጣው፣ የሰጠውም የተቀበለውም አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጣቸው ነው። ከሰባት ዓመት በፊት አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ አረንጓዴ ካፖርት ለብሳ ገባች። ከኋላ ወንበር አንዱ ብድግ አለና፣ «እንዴ! ይሄማ የኔ ነው! ክርኑ ላይ ያለውን ቀለም ያፈሰስኩት እኔ ነኝ!» አለ። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ የድሮ ልብሱን በማየቱ ደስ ብሎት ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ካፖርቱን አወለቀች፣ አጣጥፋ ልጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችለት፣ በዝናቡ ወጥታ ሄደች። በዚያው ቀረች። ዛሬ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ከእናቷ ጎን ቆማ አንሶላ ትጨምቃለች።

እማማ ዚፕና ጸሐፊዋ የተማማሉት ያን ዕለት ነው። ጸሐፊዋ የትምህርት ቤቱን መዝገብ የምትይዘው ሴት ናት፤ የእማማ ዚፕ የልብ ወዳጅ። በየቀኑ ረፋድ ላይ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ ትመጣለች፣ አንዱን ከስፌት መኪናው አጠገብ ታስቀምጣለች፣ «ጠጪ እንጂ፣ ቀዝቅዞ ሊደፋ ነው እንዴ ያመጣሁት?» ትላታለች። ከዚያ ያሙታል። ማንን? የተገኘውን።

ሥራውንም እንዲህ ተከፋፈሉት። ጸሐፊዋ መዝገቡን ታያለች። ሦስት ብርዳም ጠዋት ቀርቶ ፀሐይ በወጣች ቀን ከች ያለ ልጅ፣ በሽታው ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም። ስሙን በጆሮ ትነግራታለች። እማማ ዚፕ ልጁን «ና እስቲ፣ የደንብ ልብስህን ልለካ» ብላ ትጠራውና ትለካዋለች። ከክምሩ አንዱን ካፖርት መዝዛ ትተረትረዋለች። ኮሌታው ይቀየራል፣ ቁልፉ ይቀየራል፣ ከውስጥ የነበረው ወደ ውጪ ይገለበጣል፣ አረንጓዴው ተነክሮ ጥቁር ይሆናል። የሰጠችው እናት ራሷ መንገድ ላይ ብታየው «ውይ ሲያምር፣ ከየት አገኛችሁት?» ብላ ትጠይቃለች እንጂ አታውቀውም። ሲያልቅ ለልጁ እናት በጓሮ በር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሰጣታል። ስም ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ሕጋቸው ይኸው ነበር።

አንድ ችግር ግን መጣ። ብርዱ ሲያልፍ ካፖርቶቹ ተመልሰው፣ ታጥበው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ልጅ መሠራት አለባቸው። እማማ ዚፕ ደግሞ ከማሳመሯ ብዛት ራሷም አላወቀቻቸውም። በሁለተኛው ዓመት የሒሳብ አስተማሪውን ልጅ ካፖርት ከማንጠልጠያው ላይ ይዛ ሄደች። ሰውየው ሦስት ቀን ሲፈልግ ከርሞ፣ በአራተኛው ቀን እጅጌው ተተርትሮ ጠረጴዛዋ ላይ አገኘው። «ቀዳዳ አይቼበት ነው» አለች፣ ሌላ ምን ትበል? ጸሐፊዋ ያን ዕለት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ እማማ ዚፕ እያንዳንዱ ካፖርት ግራ ኪስ ውስጥ፣ ከታች ጥጉ ላይ፣ በቀይ ክር አራት ጊዜ ወጋ ወጋ ታደርጋለች። እጁን ኪሱ የከተተ ልጅ እንኳ አይታወቀውም። የቀዩን ክር ነገር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ዋናው ልግባ። የመጀመሪያው ካፖርት የተሠራው ለማን ነበር መሰላችሁ? ለጸሐፊዋ ልጅ። ያን ዓመት ባሏ ጥሏት ሄዶ ነበር፤ ሴትዮዋ ለሰው ፊት ቀሚሷን ተኩሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ ትመጣለች፣ ቤቷ ግን ባዶ ነው። እማማ ዚፕ ሳትጠየቅ ሠርታ፣ «ለልጅሽ ነው፣ አፍሽን ዝጊ» ብላ ወረወረችላት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ባደገች ቁጥር አዲስ ይሠራላታል፤ ሳቂታ ልጅ ናት፣ ሁሉም ሳቂታ ነው የሚሏት። እማማ ዚፕ ይህን ለራሷ ባል እንኳ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

በዚህ ዓመት ጸሐፊዋ በጆሮዋ ከነገረቻት ስሞች አንዱ ልቧን ስንጥቅ አደረገው። ያቺ አረንጓዴ ካፖርት አጣጥፋ የወጣችው ልጅ ታናሽ እህት ናት። ገና በስምንተኛ ክፍሏ ከአስተማሪዎቿ እኩል ስለሆነች መለሎ ነው የምትባለው። እጅጌ ሁሉ ያጥርባታል። ጎበዝ ናት፤ ጎበዝ ስላችሁ ዝም ብዬ አይደለም፣ የሒሳብ አስተማሪው መልሱ ሲጠፋው እሷን ነው የሚያየው። የክረምቱ ትምህርት ሲያልቅ ደግሞ ወደ ላይኛው ትምህርት ቤት የሚያሻግረው ፈተና አለ። ያልተፈተነ በዚያው ቀረ ማለት ነው። መለሎ ግን በዚያ ሰሞን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ትመጣ ጀመር።

እማማ ዚፕ እቤታቸው ድረስ ሄደች። እናትየዋ እጇ ከሳሙና ብዛት ተላልጧል። «ተይኝ፣ እህቴ» አለቻት። «አንዷን በካፖርት አጣሁ። ይቺንም ከሳቁባት ያበቃላታል፣ አውቃታለሁ።»

«ማንም አያውቅም።»

«ያኔም እንዲሁ ነበር ያላችሁኝ።»

«ያኔ እኔ አልነበርኩበትም። ሰው ቢያውቅ ይቺ እጄ ትቆረጥ!» አለች እማማ ዚፕ፣ ቀኝ እጇን ዘርግታ።

እንዲህ ብላ ማለች። ስድስት ቀን ፈጀባት። የፋርማሲስቷ ልጅ የተወችውን ቡናማ ካፖርት ፈትታ፣ ቁመቱን ከሌላ ጨርቅ ቀጥላ፣ ጥቁር ሰማያዊ አደረገችው። የኪሱ ጨርቅ ብቻ፣ ትንንሽ ቢጫ አበባ ያለበት፣ ጠንካራ ስለነበር አልቀየረችውም። ኪስ ውስጥ ማን ያያል? መለሎ ስትለብሰው እጅጌው አንጓዋ ድረስ ደረሰ። «እማማ ዚፕ፣ ጉድ ሠራሽ! አንቺ ጠንቋይ ነሽ እንዴ?» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልቀረችም። ከሰዓት በኋላ ካውያው አጠገብ ቁጭ ብላ ታጠናለች፣ ሲደክማት ለእማማ ዚፕ መርፌ ላይ ክር ታስገባላታለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ዓይንሽ እኮ አልቋል» ትላታለች። ፈተናው ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀረው።

በዚያ ሳምንት መጀመሪያ አዲሱ ርዕሰ መምህር ክፍሏ ብቅ አለ። ሰውየው ክፉ አይደለም ይላሉ፤ እኔ እንጃ።

«እማማ፣ ዓርብ እንግዶች አሉብን» አላት። «ለሁሉም ክፍል ማሞቂያ ሊያስገቡልን ነው። ግን እስካሁን የተሰበሰበው እርዳታ ልጆቹ ዘንድ መድረሱን በዓይናችን እንይ ብለዋል። ካፖርት ያገኙትን ልጆች ስም ይስጡኝ።»

«ስም የለም።»

«እንዴት የለም?»

«አልጽፍም፣ ጌታዬ። ደግሞም ረሳሁት። እርጅና ነው መሰለኝ።»

«ሠላሳ ልጅ ይረሳል?»

«እኔ ትናንት ማታ ምን እንደበላሁ አላስታውስም፣ እንኳን ሠላሳ ልጅ።»

ሰውየው ኩም ብሎ ወጣ። እማማ ዚፕ ሻዩ ሲመጣ ነገሩን እያስመሰለች ለጸሐፊዋ ነገረቻት፤ ተሳሳቁ። ጸሐፊዋ ግን ያን ቀን ሻይዋን ሳትጨርስ ነው የተነሣችው። «ሥራ አለብኝ» አለች። እማማ ዚፕ ምን ትጠርጥር? በሰባት ዓመት ውስጥ ተጠራጥራት አታውቅም።

ዓርብ ደረሰ። አዳራሹ ከውጪው ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ተማሪው በሙሉ ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀምጧል። ሦስት እንግዶች ከፊት ረድፍ፣ አንደኛዋ ካሜራ አንገቷ ላይ። እማማ ዚፕ ከመድረኩ ጎን መሰላል ላይ ናት። መጋረጃው በመጨረሻው ሰዓት ከጫፉ ተቀዶ፣ በስፒል እየወጋች ታያይዘዋለች። አምስት ስፒል በከንፈሯ ነክሳለች። ሰፊ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ እጅ ሁለት ብቻ ስለሆነ።

ርዕሰ መምህሩ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። «ልጆች! ዛሬ ዕጣ አለ!» አለ።

አዳራሹ ተንጫጫ።

«ሁላችሁም የካፖርታችሁን የግራ ኪስ ገልብጡ! ጥጉ ላይ ቀይ ክር ያለበት ልጅ ዕጣ ደርሶታል፣ ወደ መድረክ ይምጣ!»

እማማ ዚፕ ክው አለች። «ተው!» ልትል አፏን ልትከፍት ነው፤ ስፒሉ! አንዱ ከንፈሯን ወጋት፣ አንዱ ወደ ጉሮሮዋ ሊገባ ነበር። አጎንብሳ መዳፏ ላይ እስክትተፋቸው ድረስ የፈጀው ስንት ነው? አምስት ጊዜ መተንፈሻ ቢሆን ነው። አምስት ጊዜ እስኪተነፈስ ልጅ ምን ያህል እንደሚሮጥ ታውቃላችሁ? ቀና ስትል መድረኩ ሞልቷል። ትንንሾቹ እየተገፋፉ፣ ትልልቆቹ እየሳቁ፣ ኪሳቸውን እንደገለበጡ ወጥተዋል። በዕድሜያቸው ምንም ደርሷቸው የማያውቅ ልጆች ናቸው። መለሎ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣችና መሰላሉ ሥር ስትደርስ ቀና አለች። የኪሷን ጨርቅ እንደ ባንዲራ እያውለበለበች፣ «እማማ ዚፕ! ደረሰኝ! እይው፣ ደረሰኝ!» አለቻት።

 እማማ ዚፕ ስፒሎቹን እንደጨበጠች የሚደማ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«እነዚህ ልጆቻችን» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ ፊቱን ወደ እንግዶቹ አዙሮ፣ «የሚለብሱት አጥተው ከትምህርታቸው ሊቀሩ የነበሩ፣ በቤተሰቦቻችን ልግስና ካፖርት ያገኙ ናቸው። እስቲ ጭብጨባ!»

ጭብጨባው ቶሎ አልመጣም። መጀመሪያ ጸጥ አለ። መድረኩ ላይ ያሉት ልጆች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ኪሳቸውን ወደ ውስጥ መለሱ። ካሜራዋ ብልጭ ብልጭ ትላለች። ከሦስተኛው ረድፍ የፋርማሲስቷ ልጅ ድምፅ ተሰማ። ለጎረቤቷ ልትነግር ነው፣ ግን በዚያ ጸጥታ ሁሉም ሰማው። «አበባውን አየሽው? የኔ የድሮው ካፖርት ኪስ እኮ ነው!»

መለሎ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ወደ እማማ ዚፕ ተመለከተች፤ በመጀመሪያ አልገባትም፣ ቀጥሎ ገባት። ቀዩን ክር ማን ሊሰፋው ይችላል? ልጅቷ በእጇ ስንት ጊዜ ለዚያች መርፌ ክር አስገብታለች። ጸሐፊዋ በሩ አጠገብ ቆማ ወለሉን ታያለች።

እማማ ዚፕ ከመሰላሉ እንዴት እንደወረደች አታውቀውም። በወንበሮቹ መሀል ስታልፍ ቀሚሷን የያዛት ሰው አለ። ሳቂታ ናት፣ የጸሐፊዋ ልጅ። ዛሬ አኩርፋለች። የግራ ኪሷ እንደተገለበጠ ነው።

«እማማ ዚፕ፣ እኔ አልደረሰኝም» አለቻት። «ትናንት እማዬ ካፖርቴን ስትፈታትሽ አምሽታ ነበር፤ የሆነ ነገር ልታደርግልኝ መስሎኝ። ምንም የለውም።»

እማማ ዚፕ ጎንበስ ብላ ኪሱን በሁለት ጣቷ ያዘችው። ያንን ኪስ ራሷ ናት የሰፋችው። ጥጉ ላይ ስምንት ቀዳዳ በተርታ ተሰልፏል፤ መርፌዋ የገባበትና የወጣበት። በአንዱ ቀዳዳ ላይ የቀይ ክር ጭረት፣ ከዓይን ሽፋል የምታንስ፣ ተሰክታ ቀርታለች። የተመዘዘው በጥንቃቄ ነው፤ የሰፊ እጅ ግን አይደለም። መቀስ ሳይሆን ጥፍር ነው የመዘዘው።

እንግዲህ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እማማ ዚፕ ለወዳጇ ምክንያት ስትፈልግላት ነበር። አስገድዷት ይሆናል፣ አምልጧት ይሆናል፣ ሰውየው አታሏት ይሆናል ትል ነበር። አሁን ግን አለቀ። አምልጦት የተናገረ ሰው ከዋዜማው ቁጭ ብሎ የራሱን ልጅ ክር አይመዝም። ሠላሳውን ሰጥታ አንዷን አስቀርታለች።  እማማ ዚፕ ጭረቷን በጥፍሯ ነቅላ ጣለችና ኪሱን ወደ ውስጥ መለሰችው።

«ምንም የለውም፣ ልጄ» አለቻት። «ዕጣው ጥሩ ዕጣ አይደለም። ባይደርስሽ ይሻላል።»

ያን ቀን ሻይ አልመጣም።

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ዚፕ ወደ መለሎ ቤት ሄደች። ዝናቡ በጃንጥላዋ ቀዳዳ አንገቷ ውስጥ እየገባ፣ የምትለውን በልቧ እየደጋገመች። በሩን የከፈተችላት ታላቅየዋ ናት፤ ያቺ የአረንጓዴው ካፖርት ልጅ። ስቃ ተቀበለቻት ብል ውሸት ነው። ከበሩ ዞር አለችላት። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ በገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ አንድ አልጋ፣ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ። መለሎ ጠረጴዛው ላይ ናት፣ ደብተሯ ግን ተዘግቷል። ካፖርቱ አልጋው ጫፍ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል።  እህትማማቾቹ አስተጣጠፋቸው አንድ ዓይነት ነው።

«ልጄ» አለች።

«ክሩን የሰፋው ማነው?»

ለምን ይዋሻል? «እኔ ነኝ» አለች።

«ለምን?»

«ለይቼ እንዳውቀው። ሲመለስ እንዳይጠፋብኝ።»

«አልጠፋብዎትም» አለች መለሎ። «ወስደው ለሌላ ልጅ ይስጡት።»

እማማ ዚፕ ካፖርቱን አልሰማችም፤ የሰማችው «እርስዎ» መባሏን ነው። አንገቷ ላይ ተጠምጥማ «አንቺ ጠንቋይ» ያለቻት ልጅ፣ ዛሬ ደጅ እንደመጣ እንግዳ በአክብሮት ታናግራታለች። በጥፊ ብትመታት ይሻላት ነበር። የነገረቻቸው እኔ አይደለሁም ልትል ፈለገች። ወዳጄ ናት፣ የሰባት ዓመት ወዳጄ፣ ከዳችኝ ልትል ፈለገች። ግን ምን ልትል ነው? እናቷ ፊት እጄ ትቆረጥ ብላ የማለችው ጸሐፊዋ አይደለችም።

«ሰኞ ፈተና አለ» ብቻ አለች።

መለሎ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እናትየዋ ከሥራ አልገባችም ነበር፤ ባትገባም ተመስገን ነው፣ እማማ ዚፕ እሷን የምታይበት ዓይን አልነበራትም። ታላቅየዋ ካፖርቱን በፌስታል ከታ አስታቀፈቻት። በሩ ላይ ስትደርስ፣ «እኔ ፈተናዬን አልተፈተንኩም» አለቻት ቀስ ብላ፣ ታናሽየዋ እንዳትሰማ። «እሷን እንድትሄድ እየነገርኳት ነው። እርስዎ ግን ሁለተኛ አይምጡ።»

እሑድን እንዴት እንዳሳለፈችው አልናገርም። ባሏ ሦስት ጊዜ «አሞሻል እንዴ?» አላት፣ ሦስት ጊዜ «ብርድ ነው» አለችው።

ሰኞ ከሁሉ ቀድማ መጥታ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። ዝናቡ ያወርደዋል። ልጆቹ ተግተልትለው ገቡ። ከሠላሳዎቹ አሥራ ዘጠኝ ቆጠረች፤ የቀሩት አልመጡም። ከመጡትም አራቱ ካፖርታቸውን አልለበሱም። ፈተናው የሚጀምርበት ደወል ሊደወል ሲል፣ ከመንገዱ ማዶ መለሎ ብቅ አለች። በሹራቧ ብቻ ናት። የእህቷን የፕላስቲክ የሥራ ሽርጥ ጭንቅላቷ ላይ ጣል አድርጋለች፣ ውኃው ከትከሻዋ ይንጠፈጠፋል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። እማማ ዚፕ ካፖርቱን እንደታቀፈች አንድ እርምጃ ራመድ አለች። «ለፈተናው ብቻ» አለች። «ለሦስት ሰዓት ብቻ፣ ልጄ፣ እጅሽ ደንዝዞ እንዴት ትጽፊያለሽ?»

ልጅቷ አልቆመችም። አላኮረፈችም፣ አልተሳደበችም፤ «እንደምን አደሩ» ብላ አለፈች። ገባች። መግባቷ ነው ዋናው፣ አይደለም እንዴ? እማማ ዚፕ የፈለገችው ይህንኑ ነበር። መምጣቷን አየች፣ ስትንቀጠቀጥ አየች፣ ከዚያ ወደ ክፍሏ ሄዳ የስፌት መኪናዋ ፊት ቁጭ አለች።

ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ጸሐፊዋ ናት፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛለች። ለወትሮው አታንኳኳም። አንዱን ብርጭቆ ከመኪናው አጠገብ አስቀመጠችና ቆመች። እማማ ዚፕ ቀና አላለችም፤ የካፖርቱን ኪስ ጨርቅ፣ አበባውን፣ እየተረተረች ነው።

«አኩርፈሽኛል» አለች ጸሐፊዋ።

ዝም።

«ምን ላድርግ? ስም ካላመጣሽ እንግዶቹ ይሄዳሉ አለኝ። ማሞቂያው ይቀራል አለኝ። እኔ ደግሞ አሰብኩ፤ አንድ ቀን ያፍራሉ፣ ከዚያ በየክረምቱ ይሞቃሉ። አስቢው እስቲ፣ ለሁሉም ክፍል! ለልጆቹ ብዬ ነው፣ በሞትኩት። በዕጣ መልክ ይሁን ያልኩትም እኔ ነኝ፣ እንዳይከፋቸው።»

እማማ ዚፕ መተርተሯን ቀጠለች። «መለሎ በሹራብ መጣች» አለች።

«ሰማሁ። ያልፋል። ልጅ ይረሳል።»

«እህቷ ረሳች?»

 ጸሐፊዋ ሻይዋን ፉት አለች፤ ለመጠጣት ሳይሆን ፊቷን የምትከልልበት ፈልጋ ነው። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሰባት ዓመት እኮ ነው፣ እህቴ። በዚህ ልንለያይ ነው?» አለቻት።

እማማ ዚፕ አሁን ቀና አለች። ልትጮህ የነበረውን ሁሉ እሑድ ለጣሪያው ጮኻ ጨርሳዋለች። መቀሷን አስቀመጠች፣ ሻዩን በጣቷ ገፋ አደረገችው።

«የልጅሽ ካፖርት ግራ ኪስ ላይ ስምንት ቀዳዳ አለ» አለቻት። «ክሩን በጥፍር መዝዘሽው ነው። ጨርቁ ስስ ነው፣ እየሰፋ ይሄዳል፣ ያየ ሰው ይጠይቃል። ነገ አምጪልኝ፣ ልድፈነው። ልጅቷ ምንም አላደረገችኝም።»

ጸሐፊዋ ፊቷ ደም መሰለ።  ሻዩ ከብርጭቆው ጣቷ ላይ ፈሰሰ፤ ትኩስ መሆኑን ያወቀች አትመስልም።  በመጨረሻ ብርጭቆዋን ይዛ ወጣች።

በማግስቱ ካፖርቱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በጽዳት ሠራተኛዋ እጅ መጣ። እማማ ዚፕ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በዚያው በጨርቁ ቀለም ክር ደፈነቻቸው። ስትጨርስ ራሷም በጣቷ ዳሰሰችው፣ ምንም አይታወቅም። ጠቅልላ በዚያችው ሴትዮ እጅ መለሰችላት።

ማሞቂያዎቹ በሳምንቱ ገቡ። ከእማማ ዚፕ ክፍል በቀር ሁሉም ይሞቃል፤ እሷን የጠየቃት የለም። መርፌዋ ላይ ክር ለማስገባት አሁን ረጅም ጊዜ ይፈጅባታል፣ ዓይኗ አልቋል። ቀዩን ክር ከነጥቅሉ ምድጃ ውስጥ ጨምራዋለች።